አንድ ቀን፣ አራት ከተማ፦ ወደ ኖቬምበር 9 የተደረገ ጉዞ

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ — ፍራንክፈርት

እናቴ ቀንን በቁጥር አትጠራም። "ዛሬ ምንድን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቋት "መድኃኔዓለም" ወይም "የሚካኤል ማግስት" ትላችኋለች። በእሷ ቤት እያንዳንዱ ቀን ባለቤት አለው። እዚህ ጀርመን አገር የተወለደችው የ11 ዓመቷ ልጄ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጠየቀችኝ። "እማዬ፣ ኖቬምበር 9 የጀርመኖች የዕጣ ቀን ነው ብለው አስተማሩን። ግን የደስታ ነው ወይስ የሐዘን?"

"ሁለቱም" አልኳት፤ ወዲያውም አፈርኩ። ይህን ያህል ዓመት ኖሬበት የማውቀው ያችኑ ነበር። ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ልጄን ለአባቷ ትቼ፣ የዚያን ቀን ባለቤቶች ፍለጋ ወጣሁ። ዘንድሮ 2024 ነው፤ ኖቬምበር 9 በእኛ ጥቅምት 30 ላይ ይውላል። ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

ጉዞዬን የጀመርኩት ከቤቴ የ20 ደቂቃ መንገድ ከሆነው ከፓውልስኪርሸ ነው። ስሙ የጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው፤ ግን ቅዳሴ የማይቀደስበት ክብ ሕንፃ ነው። ሜይ 18 ቀን 1848 ከጀርመን ግዛቶች ሁሉ የተመረጡ እንደራሴዎች እዚህ ተሰበሰቡ። ያኔ ጀርመን የሚባል አንድ አገር አልነበረም፤ ንጉሥና መስፍን የሞላባቸው በርካታ ግዛቶች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሕገ መንግሥትና አንድ አገር ፈለጉ። ሕንፃው በ1944 በቦምብ ተቃጥሎ ለምክር ቤቱ መቶኛ ዓመት በ1948 ዳግም ቆመ። ከእንደራሴዎቹ መካከል እኔ የምከተለው አንዱን ነው፤ ሮበርት ብሉም ይባላል። ኮሎኝ ውስጥ ከድሃ ቤት ተወልዶ የናስ ሥራ የተማረ፣ ኋላም ላይፕሲሽ ከተማ በቴአትር ቤት ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው ነው። ንግግሩ ሕዝብ የሚያንቀሳቅስ ነበር ይባላል።

ከቀትር በኋላ የቪየናን ባቡር ያዝኩ። ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ የአሜሪካ ምርጫ ውጤት የተሰማበት ቀን ነው። ማታ ቪየና ስደርስ ደግሞ መራሔ መንግሥቱ የገንዘብ ሚኒስትራቸውን አሰናብተው የበርሊን ጥምር መንግሥት መፍረሱን ሰማሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ "ደግሞ በኖቬምበር!" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ — ቪየና

ብሪጊተናው የቪየና 20ኛ ወረዳ ነው። የቱሪስት አውቶቡስ አይመጣበትም። የቱርክ ዳቦ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ እናቶች፤ የኑሮ ሰፈር ነው። በስሙ የተሰየመችውን ሮበርት ብሉም ጋሰን ፈልጌ አገኘኋት። አጭር፣ ጸጥ ያለች መንገድ ናት። ከዚያ ዘመን የተረፈውን ባለ ስምንት ማዕዘን የቅድስት ብሪጊታ ጸሎት ቤትም አየሁት። ያኔ ሰፈሩ ከከተማው ውጭ የሆነ ሜዳና ጫካ ነበር።

ብሉም ወደዚህ የመጣው በጥቅምት 1848 ነው። ቪየና በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አምጻ ስለነበር ከፍራንክፈርት ምክር ቤት የግራ ክንፍ የወንድማማችነት ሰላምታ ይዞ መጣ። ሰላምታውን አድርሶ መመለስ ይችል ነበር፤ ከተማዋ በጄኔራል ቪንዲሽግሬትስ ጦር ስትከበብ ግን አልወጣም፤ ጠመንጃ ይዞ ከተከላካዮቹ ጋር ተሰለፈ። ጦሩ ገባ። ብሉም ኖቬምበር 4 ከሆቴሉ ተያዘ። የምክር ቤት አባል በመሆኑ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ መታሰር አልነበረበትም። የጦር ፍርድ ቤቱ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ኖቬምበር 9 ቀን 1848 ጠዋት እዚህ ብሪጊተናው ላይ ረሸኑት። ልክ በማግስቱ 41 ዓመት ይሞላው ነበር።

በዚያች ጠዋት ለሚስቱ የጻፈላት የስንብት ደብዳቤ አለ። ልጆቻችንን፣ ካሁን በኋላ ግን ያንቺ ብቻ የሆኑትን ልጆች፣ አባታቸውን እንዳያሳፍሩ አድርገሽ አሳድጊ ይላታል። "ልጆቻችን" ብሎ ጀምሮ በመሐል ላይ "ያንቺ ብቻ" ብሎ እርማት የሚያደርገው እጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ጸሎት ቤቱ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

የፍራንክፈርት ምክር ቤት ተቃወመ፤ በየከተማው የሐዘን ስብሰባ ተደረገ፤ ቪየና ግን አልሰማችም። ሕዝብ የመረጠውን ሰው ገድሎ ምንም ሳይሆኑ መቅረት እንደሚቻል ነገሥታቱ ያወቁት በዚያ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። በዓመቱ ምክር ቤቱ ራሱ ተበተነ።

ከሰዓት በኋላ በእግሬ ወደ ሊዮፖልድሽታት ተሻገርኩ። የቪየና አይሁዶች የሚበዙበት ሰፈር ይህ ነበር። ቴምፕልጋሰ፣ ማለትም የምኩራብ ጎዳና፣ የሚባለው መንገድ ላይ አራት ረጃጅም ነጭ ዓምዶች ቆመዋል፤ ምንም አይሸከሙም። በ1938 የተቃጠለው ታላቁ የሊዮፖልድሽታት ምኩራብ ምን ያህል ከፍ ያለ እንደነበር እንዲያሳዩ ነው የቆሙት። አንገቴን አቅንቼ ጫፋቸውን አየሁ፤ የጎደለው ነገር ስንት ሜትር እንደሆነ በአንገት ሕመም ይታወቃል። ኦስትሪያ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወደ ሂትለር ግዛት ተጠቃልላ ስለነበር ናዚዎች ከኖቬምበር 9 ሌሊት ጀምሮ በየምኩራቡ የለኮሱት እሳት እዚህም እኩል ነደደ። በቪየና ከ40 በላይ ምኩራቦችና የጸሎት ቤቶች ወደሙ።

አንድ ትልቅ ምኩራብ ብቻ ተረፈ፤ የተረፈበት ምክንያት ደግሞ ልብ ይሰብራል። በዘይተንሽቴተንጋሰ የሚገኘው የከተማው ምኩራብ በ1826 ሲሠራ ካቶሊክ ያልሆነ ቤተ ጸሎት ከመንገድ እንዳይታይ ሕግ ይከለክል ነበር። ስለዚህ በመኖሪያ ሕንፃዎች መካከል ደብቀው ሠሩት። ከ112 ዓመት በኋላ አቃጣዮቹ ሲመጡ ምኩራቡን ቢለኩሱት የጎረቤቱ ቤት ሁሉ አብሮ ሊነድ ሆነ። ውስጡን ሰባብረው እሳቱን ተዉት። ሊያዋርዳቸው የወጣ ሕግ ቤታቸውን አተረፈላቸው። ዛሬ በሩ ላይ መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ ቆሟል።

በምሽቱ ባቡር ወደ ሙኒክ ሄድኩ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ — ሙኒክ

ኖቬምበር 8 ነው፤ ዋዜማው። ከተማውን ጭጋግ ሸፍኖታል። ይህን ጭጋግ ልብ በሉልኝ፤ ማታ እመለስበታለሁ።

ኦዴዮንስፕላትስ ላይ ሦስት ቅስት ያለው የጦር መሪዎች አዳራሽ ፌልድሄርንሃለ ቆሟል። በ1923 አዶልፍ ሂትለር ኖቬምበር 8 ማታ ቡርገርብሮይ የሚባለው የቢራ አዳራሽ ውስጥ ታጣቂ አሰልፎ ገባ፤ የባቫሪያን ባለሥልጣናት በሽጉጥ አስገድዶ "አብዮት ተጀምሯል" አለ። በማግስቱ ኖቬምበር 9 ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ይዞ ወደ መሐል ከተማ ሲዘልቅ እዚህ ጠባቡ መንገድ ላይ ፖሊስ ተኩሶ አስቆመው። አራት ፖሊሶች ሞቱ፤ ከሰልፈኞቹም ወገን 15 ሰዎችና አንድ መንገደኛ። ሂትለር ሸሽቶ በሁለተኛው ቀን ተያዘ፤ የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ዓመት ሳይሞላው ተፈታ።

የልጄ አስተማሪዎች "የዕጣ ቀን" የሚሉት ቃል እዚህ ላይ ነው መጎርበጥ የጀመረኝ። የቢራ አዳራሹ ስብሰባ የተጠራው በ1918ቱ አብዮት አምስተኛ ዓመት ዋዜማ ነው። ካይዘሩ፣ ማለትም የጀርመን ንጉሠ ነገሥት፣ ዙፋኑን የለቀቀው፣ ሪፐብሊክ የታወጀው ኖቬምበር 9 ቀን 1918 ነበርና ሂትለርና መሰሎቹ የሪፐብሊኩን ሰዎች "የኖቬምበር ወንጀለኞች" እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። ይህን ቀን ሊበቀሉት ፈለጉ። ዕጣ ምን አገባው? የሰው ቂም ነው ቀኑን የመረጠው።

ሥልጣን ከያዙ በኋላ ናዚዎች በአዳራሹ ጎን ለ"ሰማዕቶቻቸው" መታሰቢያ አቁመው ዘብ አደረጉበት። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት ግዴታው ሆነ። ሰላምታውን መስጠት ያልፈለገ የሙኒክ ሰው ከኋላ ባለችው በቪስካርዲጋሰ ይታጠፍ ነበር። ቀጭን መተላለፊያ ናት። ዛሬ ጥርብ ድንጋዩ መሐል የነሐስ መስመር ተነጥፎባታል፤ የእነዚያ ዝም ብለው የታጠፉ ሰዎች እግር ዱካ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። ጀግንነት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ግን እጅን ኪስ ከትቶ በዚያ መታጠፍም ዋጋ የሚያስከፍልበት ዘመን ነበር። የአራቱን ፖሊሶች ስም የያዘው ሰሌዳ ፊት ለፊት ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አለ። ቆሞ የሚያነበው ሰው ግን ከእኔ በቀር አላየሁም።

ከዚያ ወደ ማሪየንፕላትስ፣ ወደ አሮጌው ማዘጋጃ ቤት። ባለ ግንብ ያማረ ሕንፃ ነው፤ ሕፃናት ይወዱታል። ኖቬምበር 9 ቀን 1938 ማታ የናዚ ፓርቲ ሹማምንትና የ1923 "ነባር ታጋዮች" ለዓመታዊ ዝክራቸው እዚህ እራት ላይ ነበሩ። ከሁለት ቀን በፊት ፓሪስ ውስጥ ሄርሸል ግሪንሽፓን የተባለ የ17 ዓመት አይሁዳዊ ልጅ ኤርንስት ፎም ራት የተባለውን የጀርመን ዲፕሎማት በሽጉጥ መትቶታል። የልጁ ወላጆች ከጀርመን ተባርረው ፖላንድ ድንበር ላይ ከተጣሉት ወደ 17,000 የሚጠጉ አይሁዶች መካከል ነበሩ። በዚያ ማታ የዲፕሎማቱ ሞት ወሬ ለእራቱ ታዳሚ ደረሰ። የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ተነሥቶ ንግግር አደረገ፤ የአውራጃ አለቆቹም ወደየስልኩ ተሯሯጡ። ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ያሉት አለቆች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ስለነበር ትእዛዙ በሰዓታት ውስጥ በየከተማው ደረሰ።

ይህን እያሰብኩ አደባባዩ ላይ ቆሜ ሳለ ብርድ አንዘፈዘፈኝ። የ1938ቱ ሌሊት ኖቬምበር 9 ላይ የዋለው የ1923 ድግስ ስለነበረ ነው። የ1923ቱ ደግሞ በ1918 ምክንያት። አንዱ ቀን የሌላውን እጅ ይዞ ጎትቶታል።

በዚያ ሌሊትና በማግስቱ ወደ 1,400 የሚሆኑ ምኩራቦችና የጸሎት ክፍሎች ተቃጠሉ ወይም ወደሙ፤ ወደ 7,500 ሱቆች ተዘረፉ፤ ወደ 30,000 አይሁዳውያን ወንዶች ዳካው፣ ቡኸንቫልድና ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፖች ተጋዙ። መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር 91 ነው፤ እውነተኛው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከዚያም ለደረሰው ጉዳት አይሁዶቹ ራሳቸው 1 ቢሊዮን የራይሽ ማርክ መቀጫ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። ድሮ "የክሪስታል ሌሊት" ይሉት ነበር፤ የተሰበረውን መስተዋት ለማለት ነው። አሁን ብዙው ጀርመናዊ ይህን ስም አይወደውም፤ "የኖቬምበር ፖግሮም" ይላል፤ በአይሁዶች ላይ የተነሣ የጅምላ ጥቃት ማለት ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ የተሰበረው መስተዋት ብቻ ስላልነበረ።

ከማዘጋጃ ቤቱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ያኮብስፕላትስ አለ። አዲሱ ኦሄል ያኮብ ምኩራብ የተመረቀው ኖቬምበር 9 ቀን 2006 ነው። የመሠረት ድንጋዩም የተጣለው ኖቬምበር 9 ቀን 2003 ነበር። ታች ሸካራ ድንጋይ፣ ላይ ብርሃን የሚያስገባ የመስታወት ሣጥን። በድንጋይ ማኖሪያው ቀን ጥቃት ሊያደርሱ ያሰቡ ኒዮ ናዚዎች አስቀድመው ተይዘዋል። ከምኩራቡ ሥር ባለው መተላለፊያ ከ4,500 በላይ የተገደሉ የሙኒክ አይሁዶች ስም ተጽፏል። ዓርብ አመሻሽ ስለነበር ሰዎች ለሰንበት ጸሎት ሲገቡ አየሁ። አንድ አባት የሴት ልጁን ባርኔጣ አስተካክሎላት በሩን ገፉት።

አሁን ወደ ጭጋጉ ልመለስ። በደቡብ ጀርመን የሚኖር ጌኦርግ ኤልዘር የሚባል አናጺ ነበር። ሂትለር በየዓመቱ ኖቬምበር 8 ማታ በቢራ አዳራሹ ለነባር ጓደኞቹ እንደሚናገር ያውቃል፤ ቀኑ አይቀያየርም። በ1939 ኤልዘር ሙኒክ መጥቶ ከ30 በላይ ሌሊቶች በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተደብቆ አደረ። ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ዓምድ በእጁ ቦረቦረው፤ ራሱ የሠራውን ባለ ሰዓት ፈንጂ ቀበረበት። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልረዳውም። ሂትለር እንደ ወትሮው በአውሮፕላን ሊመለስ ነበር፤ ጭጋግ ስለሆነ ግን ባቡር ለመያዝ ንግግሩን አሳጥሮ ወጣ። ፈንጂው ልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ፈነዳ። ሂትለር ከሄደ 13 ደቂቃ ሆኖት ነበር። ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ አንዷ አስተናጋጅ ነበረች። ኤልዘር ከፍንዳታው በፊት ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ተይዞ ነበር። በዳካው የገደሉት ኤፕሪል 9 ቀን 1945፣ ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ነው።

ፈንጂውን ሲያዘጋጅ ይኖርበት የነበረው ጎዳና ቱርከንሽትራሰ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ አለ። በየዕለቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ግድግዳው ላይ ቀይ የመብራት ጽሑፍ ለአንዲት ደቂቃ ይበራል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሬ ጠበቅኩ። ዕለቱ ኖቬምበር 8 ስለሆነ ሌሎችም መጥተዋል። ማንም አልተናገረም። በራ፤ ቀይ ፊደላቱ በጭጋጉ ውስጥ ደበዘዙ፤ ጠፋ። በልቤ 13 ደቂቃ እየቆጠርኩ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ — በርሊን

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ከረፋዱ በፊት በርሊን ገባሁ። ምሥራቅና ምዕራብ በርሊንን የከፈለው ግንብ የፈረሰበት 35ኛ ዓመት ስለሆነ ከተማው ተሞልቷል። ግንቡ ያልፍበት በነበረው መስመር ላይ በመሐል ከተማ ለ4 ኪሎ ሜትር ያህል ሰዎች በእጃቸው የሠሯቸው ስለ ነጻነት የሚናገሩ ፖስተሮች ተደርድረዋል።

መጀመሪያ ራይሽታግ፣ የፓርላማው ሕንፃ። ኖቬምበር 9 ቀን 1918 ጀርመን ጦርነቱን ተሸንፋለች፤ የኪል ወደብ መርከበኞች ለሞት የሚላኩበትን የመጨረሻ ዘመቻ እምቢ ብለው ያስነሡት አመጽ በርሊን ደርሷል። ቀትር ላይ የካይዘር ቪልሄልም ዙፋን መልቀቅ ታወጀ፤ ያወጁትም ራሱ ካይዘሩ ሳይስማማ መራሔ መንግሥቱ ማክስ ፎን ባደን ናቸው። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የሶሻል ዴሞክራቱ ፊሊፕ ሻይደማን ሾርባውን ትቶ ተነሥቶ፣ በዚህ ፊት ለፊት በማየው መስኮት ለሕዝቡ ሪፐብሊክ አወጀ። የፓርቲው መሪ ኤበርት እንዲህ ያለ መብት ማን ሰጠህ ብለው ተቆጡት። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ካርል ሊብክኔሽት ከቤተ መንግሥቱ ሌላ ሪፐብሊክ አወጀ፤ ሶሻሊስታዊ። አንድ ከሰዓት፣ ሁለት ሪፐብሊክ። ሻይደማን ያን ቀን የብሉም 70ኛ ዓመት መሆኑን አስቦ አልመረጠውም፤ ከሾርባው ያስነሣው የሕዝቡ ጩኸት ነው። ይህን ቀን በግጥምጥሞሽ እቀበለዋለሁ። ካይዘሩ በማግስቱ ሆላንድ ገባ። ሊብክኔሽት በሁለተኛው ወር ከትግል ጓዱ ከሮዛ ሉክሰምቡርግ ጋር ተገደለ።

ወደ ኦራንየንቡርገር ሽትራሰ ስሄድ መንገድ ላይ አንዲት ወጣት ተንበርክካ የናስ ድንጋይ በጨርቅ ትወለውላለች። ጀርመኖች "የማደናቀፊያ ድንጋይ" ይሏቸዋል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ የተገደለው ሰው ይኖርበት በነበረው ቤት ደጃፍ የሚቀበሩ ናቸው፤ ሠዓሊው ጉንተር ዴምኒሽ የጀመረው ሥራ ዛሬ በመላው አውሮፓ ከ100,000 በላይ ሆኗል። በኖቬምበር 9 ሰዎች እየወጡ ያጸዷቸዋል፤ ሻማ ያበሩባቸዋል። "ዘመዶችሽ ናቸው?" አልኳት። "አይደሉም፤ የምኖረው እነሱ ይኖሩበት በነበረው ፎቅ ነው" አለችኝ። ከቦርሳዋ ሁለተኛ ጨርቅ አውጥታ ሰጠችኝ። ሁለት ድንጋይ ወለወልኩ።

ባለ ወርቃማ ጉልላቱ አዲሱ ምኩራብ በ1866 ሲመረቅ 3,200 መቀመጫ ነበረው። በ1938ቱ ሌሊት እሳት ሲለኮስበት የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ ቪልሄልም ክሩትስፌልድና ባልደረቦቹ ሕንፃው በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው ብለው አቃጣዮቹን አባረሩ፤ የእሳት አደጋ መኪናም አስጠሩ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቆሞ እንዲያይ በታዘዘበት ሌሊት! ኋላ በጦርነቱ ቦምብ ብዙው ፈረሰ፤ ፊት ለፊቱ ታድሶ በ1995 ተከፈተ።

በምዕራብ በርሊን ፋዛነንሽትራሰ የነበረው ምኩራብ ግን ጠባቂ አላገኘም፤ ነደደ። በቦታው የአይሁድ ማኅበረሰብ ቤት ተሠራ። ኖቬምበር 9 ቀን 1969 የሙታን መታሰቢያ ሲደረግ አዳራሹ ውስጥ ፈንጂ ተቀምጦ ነበር። ያስቀመጡት ናዚዎች አይደሉም፤ ራሳቸውን ነጻ አውጪ የሚሉ የግራ ክንፍ ወጣቶች ናቸው። 250 የሚያህሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከካምፕ የተረፉም ነበሩባቸው። ፈንጂው በብልሽት ሳይፈነዳ ቀረ። ከዚህ ሁሉ ጉዞ በጣም ያስቆጣኝ ይህ ነው። ቀኑን ያውቁታል፤ የመረጡትም ስለሚያውቁት ነው።

ከሰዓት በኋላ በርናወር ሽትራሰ። በዚህ ጎዳና ሕንፃዎቹ ምሥራቅ፣ የእግረኛ መንገዱ ምዕራብ ነበር፤ ሰው ከመኖሪያ ቤቱ መስኮት ዘልሎ አገር ይቀይር ነበር። ግንቡ ከኦገስት 13 ቀን 1961 ጀምሮ 28 ዓመት ቆመ፤ በርሊን ላይ ብቻ ቢያንስ 140 ሰዎች ሞቱበት። በድንበሩ ክልል መሐል የቀረችውን የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን የምሥራቁ መንግሥት በ1985 በፈንጂ አፈረሳት። በቦታዋ ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራችው ክብ ጸሎት ቤት ኖቬምበር 9 ቀን 2000 ተመረቀች፤ የድሮዋ ፍርስራሽ በአፈሩ ውስጥ ተደባልቋል። ግድግዳዋን ዳሰስኩት። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሽታው የአያቴ ቤት ነው። ውጭ ሰዎች በግንቡ ስንጥቅ ውስጥ ጽጌረዳ ይሰካሉ።

ማታ ቦርንሆልመር ሽትራሰ ድልድይ ላይ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ጋር ተገናኘሁ። በ1987 ለትምህርት ምሥራቅ በርሊን የመጡ፣ ከዚያ ወዲህ እዚሁ የቀሩ ናቸው። በዚያ ዘመን ብዙ የእኛ ልጆች ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ይላኩ ነበር።

"ጋሼ፣ ያን ሌሊት የት ነበሩ?"

"አልጋዬ ላይ ነዋ ልጄ!" አሉኝ። "በማግስቱ ፈተና ነበረኝ። ሻቦቭስኪን በቴሌቪዥን አየሁት፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ነው ብዬ መች አሰብኩ።"

ጉንተር ሻቦቭስኪ የምሥራቁ ፓርቲ ባለሥልጣን ነው። ኖቬምበር 9 ቀን 1989 በጋዜጣዊ መግለጫ ማለቂያ ላይ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ53 ገደማ፣ የተሰጠውን ወረቀት አወጣ፦ ዜጎች ወደ ውጭ መውጣት ይችላሉ። ደንቡ በማግስቱ እንዲወጣ፣ ሰዉም ተሰልፎ ቪዛ እንዲጠይቅ ነበር የታሰበው። ከመቼ ጀምሮ ሲሉት ወረቀቱን አገላብጦ፣ እኔ እስከማውቀው ወዲያውኑ፣ ሳይዘገይ፣ አለ። ሕዝቡ ወደዚህ ድልድይ ጎረፈ። የድንበር ጥበቃው መኮንን ሃራልድ የገር ወደ አለቆቹ ደጋግሞ ደወለ፤ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠው የለም። መጀመሪያ በጣም የሚጮኹትን ብቻ አውጣ፣ ፎቶግራፋቸው ላይ ማኅተም አድርግና እንዳይመለሱ ሁን አሉት። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ የገር መዝጊያውን በራሱ ውሳኔ አስከፈተ። ጥይት አልተተኮሰም።

ሽማግሌው የድልድዩን ብረት ይዘው ዝም አሉ። ከሥር የከተማ ባቡር አለፈ።

"እኔ ከዚያ በፊትም ፈቃድ ሳገኝ ወደ ምዕራብ እሻገር ነበር" አሉ ኋላ። "የውጭ ዜጋ ነኛ። አብረውኝ የሚማሩት ጀርመኖች አይችሉም። ባዳው በአገራቸው ውስጥ ይመላለሳል፣ ባለ አገሮቹ ይቀራሉ። ቸኮሌትና ካሴት እንዳመጣላቸው ይለምኑኝ ነበር። በማግስቱ ክፍል ስገባ ከአስተማሪው ጋር አራት ሆንን። ሁሉም እዚህ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ መጣሁ፤ በትራባንት መኪኖቻቸው ጭስ መንገዱ አይታይም፤ የማላውቃት ሴት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ምዕራብ ጀርመን ለመጪዎቹ የምትሰጠውን መቶ ማርክ ተቀብላ ብርቱካን ገዝታለች። አንዱን ሰጠችኝ።"

"በሉት?"

"አልበላሁትም። ደረቀ።"

ይህ ቀን ብሔራዊ በዓል እንዲሆን የፈለጉ ብዙ ነበሩ። ጀርመን ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 የተዋሐዱበትን ኦክቶበር 3ን የመረጠችው ምኩራቦቹ በነደዱበት ቀን ርችት መተኮስ ስለማይገባ ነው። ልክ አደረገች እላለሁ። ሽማግሌው አይስማሙም፦ "ሕዝቡ በእግሩ ሄዶ ያመጣው ይህኛው ነው፤ ያኛውን ፊርማ ነው ያመጣው" አሉኝ። ብርዱ እስኪያስነሣን ድረስ ስንከራከር ቆየን።

ኅዳር 1፣ እሑድ — በርሊን

ጠዋት ፍሪድሪሽስሃይን መናፈሻ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መካነ መቃብር አየሁ። በማርች 1848 በርሊን ጎዳና ላይ ለነጻነት ሲዋጉ የወደቁት፣ አብዛኞቹ የእጅ ሙያተኞችና ሠራተኞች፣ እዚህ ተቀብረዋል። በ1918 አብዮት የሞቱት ሲመጡ ቦታ የተሰጣቸው ከእነሱ አጠገብ ነው። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገበ የመርከበኛ ሐውልት ቆሟል። ሁለቱ ኖቬምበሮች፣ የብሪጊተናው ሬሳና የኪል መርከበኞች፣ የሚገናኙበት ቦታ ካለ ይህ ነው፤ ብሉም የሞተው ለእነዚህ ሰዎች ዓላማ ነበርና።

ልጄ ደወለች። "እማዬ፣ ታዲያ የደስታ ነው የሐዘን?"

"የሰዎች ነው" አልኳት። "ስማቸውን ጽፌልሻለሁ። አንዱ አናጺ ነው፤ አንዱ የቴአትር ቤት ገንዘብ ያዥ ነው፤ አንዱ የድንበር ጠባቂ።"

"ስንት ናቸው?"

ማስታወሻ ደብተሬን ከፍቼ ቆጠርኩላት። መስክ ጠባቂው ከመቃብሮቹ ላይ ቅጠል እየጠረገ ወደ እኔ ሲደርስ ከአግዳሚው ተነሣሁለት።